ከምርመራው ደጅ የቆሙት እነማን ነበሩ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ተረት። ስለ ኤች አይ ቪ በተነገረበት መድረክ ሁሉ ይህ አባባል ሳይጠቀስ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ ግን የምርመራውን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ተረቱ ግማሹን ብቻ እንደተናገረ ይሰማኛል። ለረጅም ዓመታት ያልደበቀውም መድኃኒት አላገኘም ነበርና።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ብሔራዊው ፖሊሲ የወጣው ግን በ1998 ነው። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ያቋቋሙት «ተስፋ ጎህ» ማኅበር ብቅ ያለውም በዚያው ዓመት ነው።

በዚያን ጊዜ ለምርመራ የሚሄደው ማን ነበር? ሕመም የጠናበት፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት፣ ወይም ለጋብቻ ማስረጃ የተጠየቀ ሰው ነበር። ከኃይሌ ጋርመንት ብዙም በማይርቀው አቃቂ፣ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1997 የቃጫ ፋብሪካ ሠራተኞችን መከታተል ጀመረ። ደማቸውን ከሰጡት መካከል ውጤታቸውን ሊሰሙ ያልተመለሱ ነበሩ። አይፈረድባቸውም። ውጤቱ ጭንቀት እንጂ ፈውስ ይዞ አይመጣም ነበር።

በ2005 መጀመሪያ የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ደጁ ላይ የሚቆመው ሰው ተለወጠ። መኖር ይቻላል የሚል ተስፋ ያለው መጣ፤ እርጉዞች መጡ፤ ባልና ሚስት ተያይዘው መጡ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የመርማሪ ጣቢያ መዝገብ የሚነግረን ማን እንደመጣ እንጂ ማን እንደተያዘ አይደለም። በዋነኛነት ከእርጉዞች ምርመራ ተነሥቶ የተሠራው ግምት በ2003 ከአዋቂው ሕዝብ 4.4 በመቶው ተይዟል ይል ነበር። በ2005 ቤት ለቤት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን 1.4 በመቶ አገኘ። በሽታው በሁለት ዓመት አልሸሸም፤ የተለወጠው የተቆጠረው ሰው ነው። በዚያው ጥናት ሴቶች 1.9፣ ወንዶች 0.9 በመቶ፣ ከተማ 5.5፣ ገጠር 0.7 በመቶ ነበሩ።

በቋንቋችን «ባሕርይ» ስንል መለያ ምልክትም ጠባይም ማለታችን ነው። ጉዳቱ ከዚህ ይጀምራል። «የተያዙ ሰዎች ባሕርይ» ሲባል ሰሚው ጠባያቸውን ይመረምራል። ባሏ የሞተባት ሴት ከባለትዳሯ ይልቅ ተይዛ መገኘቷ ግን ስለ ጠባይዋ ምንም አይናገርም። ምናልባት ባሏን የገደለው ያው በሽታ ይሆናል፤ እሷ ከቤቷ ደጃፍ ባትወጣም።

የጥንቱ የማስተማሪያ ሥዕል ሹፌሩን፣ ወታደሩንና የቡና ቤቷን ሴት ያሳይ ነበር። ኃይሌ ጋርመንት ላይ ከታክሲ የምትወርድ ልብስ ሰፊ በዚያ ሥዕል ውስጥ ራሷን አታገኝም። የነጋዴው ሚስትም እንዲሁ። ሥዕሉ ጥቂቶችን ሲኮንን፣ ብዙዎችን «እኔን አይመለከተኝም» አሰኛቸው።

በ2016ቱ ጥናት የአገሪቱ አኃዝ ወደ 0.9 በመቶ ወርዶ፣ በከተማ ግን 2.9 ነበር። ዛሬ ተይዞ የተገኘ ሁሉ ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላው አያስተላልፍም። እንግዲህ ተረቱ እውነት የሚሆንበት ዘመን ደርሷል። ሰው ዛሬም ከደበቀ ግን የሚደብቀው መድኃኒት ስለሌለው ሳይሆን የእኛን ዓይን ፈርቶ ነው።