የጡት እብጠት የመርፌ ናሙና ምርመራ

በሆስፒታል አጠራር ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው ይህ ምርመራ፣ በእጅ ዳሰሳ ወይም በአልትራሳውንድ ምንነቱ ካልለየ የጡት እብጠት ውስጥ በቀጭን መርፌ ሴሎችን ስቦ በማይክሮስኮፕ የማየት ዘዴ ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል ባለሙያዎች ማርቲንና ኤሊስ ስለ ዘዴው ጽፈው አሳተሙ፤ በኋላ የስዊድን ሐኪሞች አስፋፉት።

ሐኪሙ እብጠቱን በጣቶቹ አጽንቶ ይይዝና መርፌውን አስገብቶ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ይስባል። የወጣችው ጠብታ ስላይድ ላይ በስሱ ትቀባለች። ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ከሆነ ፈሳሹ እዚያው ተቀድቶ ይሟሽሻል፤ በምታጠባ እናት ጡት ላይ መግል፣ አንዳንዴም የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ያመጣው ቁስለት ይገኛል።

የጡት መርፌ ናሙና ውጤት በሚመደብበት የዮኮሃማ ሥርዓት ውጤቱ አምስት ደረጃ አለው፦ ናሙናው አይበቃም፣ ካንሰር አይደለም፣ ያልተለመደ፣ አጠራጣሪ፣ ካንሰር። ከሁሉ የሚያሳስተው የመጀመሪያው ነው። «አይበቃም» የተባለች ሴት ነጻ ወጣሁ ብላ ወደ ቤቷ ከሄደች ምርመራው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ መደገም አለበት። «ካንሰር አይደለም» የተባለውም ቢሆን ከዳሰሳውና ከአልትራሳውንዱ ጋር ካልተስማማ ባዮፕሲ (የሥጋ ቁራጭ ወስዶ መመርመር) ይታዘዛል።

ምርመራው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቀው ለሚኖሩ ሴቶችም ይጠቅማል። ለምሳሌ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ካለበት ከሐረር ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከገለምሶ፣ ከበዴሳ ወይም ከመቻራ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ከዚህም ይረዝማል። ለእንዲህ ያለ አካባቢ መርፌው ከውድ መሣሪያ ይልቅ ይስማማል፦ ሲሪንጅ፣ መስታወትና ማቅለሚያ ይበቃዋል፤ ፓቶሎጂስት በሌለበትም በአየር የደረቀ ወይም በአልኮል የጸና ስላይድ በሽተኛዋ ሳትጓዝ ሊላክ ይችላል። አልኮል ቀለም ስለሚያጥብ ስሟ በስላይዱ ጫፍ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። እንደ እኔ ግምት ደካማው ነገር መርፌው ሳይሆን የውጤቱ መመለሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግብ፣ ሴቲቱ ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ የበሽታዋ ምንነት መታወቅ አለበት።

መርፌው የማይመልሰው ጥያቄም አለ። የካንሰር ሴሎቹ ከወተት ቱቦው ግድግዳ አልፈው መውጣት አለመውጣታቸውን አያሳይም። ለሆርሞን ሕክምና ምቹ መሆናቸውን ለማወቅም በአብዛኛው በፎርማሊን የተቀመጠ የሥጋ ቁራጭ ይፈለጋል።