ዳግላስ ዴይ

ዳግላስ ዴይ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 14 ቀን በአሜሪካ የሚከበር የፍሬድሪክ ዳግላስ የልደት መታሰቢያ ነው። በዕለቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በየቤታቸው ኮምፒዩተር ከፍተው የጥቁር አሜሪካውያንን የቆዩ የእጅ ጽሑፎች በጋራ ይገለብጣሉ። ታሪክን ለሕዝብ ማድረስ ሥራቸው ለሆነ ሰዎች፣ ማለትም ለሙዚየምና ለቤተ መዛግብት ባለሙያዎች፣ ለአስጎብኚዎችና ለመምህራን፣ በዓሉ ሥልጠናም የማኅበረሰብ ዝግጅትም ነው።

ዳግላስ የተወለደው በሜሪላንድ ግዛት፣ ቶልበት ካውንቲ፣ በባርነት ነው። የጌታው የአሮን አንቶኒ የንብረት መዝገብ የሐሪየት ልጅ ፍሬድሪክ ኦገስተስ በፌብሩዋሪ 1818 እ.ኤ.አ. መወለዱን ይገልጻል፤ ቀኑን ግን አይጠቅስም። ዳግላስ እናቱ ቫለንታይን ብላ ትጠራው እንደነበር አስታውሶ ፌብሩዋሪ 14ን ልደቱ አደረገ። የተወለደበትን ቀን በውል የማያውቅ ሰው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የዳግላስ ግን ይለያል፤ ልደቱ የሰፈረው ከጌታው ሀብት ጋር ተቆጥሮ ነው። በ1838 ከባርነት አመለጠ፤ በንግግሩና በብዕሩ ባርነትን ሲታገል ኖሮ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895 ዋሽንግተን ውስጥ፣ አናኮስቲያ በሚገኘው ሴዳር ሂል በተባለው ቤቱ አረፈ። ቤቱ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ለጎብኚ ክፍት ነው።

በዓሉን በትምህርት ቤት ያስጀመረችው ሜሪ ቸርች ቴሬል ናት። የዋሽንግተን የትምህርት ቦርድ አባል ሳለች በ1897 የጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች የዳግላስን ልደት እንዲያከብሩ ሐሳብ አቅርባ አስወሰነች። ካርተር ዉድሰን በ1926 የጥቁሮችን የታሪክ ሳምንት ሲጀምር ፌብሩዋሪን የመረጠው የፕሬዚዳንት ሊንከንና የዳግላስ ልደት በዚያ ወር ስለሚውል ነበር፤ ሳምንቱም በ1976 ወር ሆነ። የወሩ ስም ሲገን የዳግላስ ቀን ራሱ እየተረሳ ሄደ።

በዓሉን በ2017 እንደገና ያነሣው በደላዌር ዩኒቨርሲቲ በ2012 የተመሠረተው የጥቁሮች ጉባኤዎች ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱን የመሠረቱት ፕሮፌሰር ጋብሪኤል ፎርማንና ተማሪዎቻቸው ናቸው። ከ1830 የፊላዴልፊያ ስብሰባ ጀምሮ ነፃ የሆኑና ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራና ስለ ምርጫ መብት በየከተማው ጉባኤ ይጠሩ ነበር። ቃለ ጉባኤዎቹ በየቤተ መዛግብቱ ተበታትነው ስለነበር ፕሮጀክቱ ሰብስቦ በኢንተርኔት አወጣቸው። በቃለ ጉባኤው ላይ በብዛት ስማቸው የሚገኘው የወንድ ልዑካን ነው። ይሁንና ልዑካኑን ያሳደረው፣ ያበላውና ገንዘብ ያዋጣው በአብዛኛው የሴቶች እጅ ነበር። ስለዚህ ፕሮጀክቱ በጽሑፎቹ ሊያስተምር የፈለገ መምህር አንድ ውል እንዲቀበል ይጠይቃል፦ ተማሪዎቹ አንድ ወንድ ልዑክ ሲያጠኑ ከእሱ ጋር የተያያዘች አንዲት ጥቁር ሴት፣ ሚስት፣ እህት፣ ልጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ባልደረባ፣ አብረው እንዲያጠኑ። ከጠቅላላው አሠራር ከሁሉ ልቆ የሚታየው ይህ ነው፤ ታሪክ እንዴት እንደሚጎድል ለተማሪ በንግግር ከመንገር ይልቅ ጉድለቱን ፈልጎ እንዲሞላ ያደርገዋል።

የዕለቱ መርሐ ግብር አብዛኛውን ጊዜ በዋሽንግተን ሰዓት ከቀትር ጀምሮ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለአዲስ አበባ ተሳታፊ ማታ ከ2 እስከ 5 ሰዓት መሆኑ ነው። ከአንድ ማዕከል መዝሙርና ንግግር በቀጥታ ይተላለፋል፤ በየቦታው የተሰበሰቡት ቡድኖች ስርጭቱን እየተከታተሉ ይገለብጣሉ፤ የልደት ኬክም ይቆረሳል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በስክሪኑ በአንድ በኩል የገጹ ፎቶ፣ በሌላው በኩል ባዶ ሣጥን ይታያል። ገልባጩ የሚጽፈው ያየውን ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ሆሄ ቢያገኝ አያርምም፣ መስመሩን እንደ ዋናው ያቆያል። በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደንብ ሊነበብ ያልቻለ ቃል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ የተሰረዘ ቃልም በቅንፍ ይገባል። ብዙ ወጣቶች ተያይዞ የሚጻፈውን የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍ ስላልተማሩ የመጀመሪያው ገጽ ያስጨንቃቸዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ኤስ የተባለውን ፊደል ሲደግም የመጀመሪያውን እንደ ኤፍ ስለሚያስረዝመው፣ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ቃሉ ሌላ ይመስላል። ሁለትና ሦስት ገጽ ካለፉ በኋላ ግን የአንድ ሰው እጅ እንደ ድምፁ መለየት ይጀምራል።

ጽሑፉ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ዳግላስ በተወለደ በ200ኛው ዓመት፣ በ2018፣ የተገለበጠው ከስሚዝሶኒያን የሙዚየሞች ተቋም ጋር በመተባበር የፍሪድመንስ ቢሮ መዝገብ ነበር። ቢሮው በ1865 የተቋቋመው ነፃ የወጡትን ለመርዳት ነው፤ የሥራ ውል፣ ጋብቻ፣ አቤቱታና የደረሰባቸውን ግፍ መዝግቧል። ከ1870 በፊት የተደረጉ የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት የተያዙትን በስም ስለማይዘረዝሩ፣ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ጥቁር አሜሪካዊ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ስም የሚያገኘው እዚህ ነው። በ2020 ተራው በባርነት ተወልዳ ከሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበለችው የአና ጁሊያ ኩፐር ሆነ፤ ወረቀቶቿ የሚገኙት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2021 የራሷ የሜሪ ቸርች ቴሬል፣ በ2024 ደግሞ የዳግላስ ደብዳቤዎች ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቀረቡ።

የ2020 በዓል ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ የኮቪድ ወረርሽኝ የሙያ ጉባኤዎችን ሁሉ ዘጋ። የአሜሪካ ሕዝባዊ ታሪክ ብሔራዊ ምክር ቤት በማርች አትላንታ ሊያደርግ የነበረውን ዓመታዊ ጉባኤ በአካል ማካሄድ አልቻለም፤ የ2021ና የ2022 ጉባኤዎቹም በኢንተርኔት ተካሄዱ። ዳግላስ ዴይ ከዚያ በፊት ጀምሮ ከብዙ ቦታ በአንድ ስርጭት መሰብሰብን ለምዶ ነበር። አዘጋጅ መሆን ለሚፈልግ አስቀድሞ በኢንተርኔት ማብራሪያና የትምህርት ጽሑፍ ይቀርባል፤ የጉዞና የሆቴል ወጪ የለበትም። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ሙዚየም ብቸኛ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓመታዊ ጉባኤ ሄዳ የማታገኘውን ሥልጠና ከጎረቤቶቿ ጋር እየሠራች ታገኘዋለች። እርግጥ የሚነበበው ሁሉ ቀላል አይደለም። የፍሪድመንስ ቢሮ አቤቱታ ድብደባንና ግድያን ይዘረዝራል፤ ስለዚህ ሕፃናት ያሉበትን ቡድን የሚመራ ሰው ገጾቹን አስቀድሞ አይቶ መምረጥ ይኖርበታል።

ፌብሩዋሪ 14 ሲያልፍ ሥራው አያልቅም። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ማንም ሰው ሳይመዘገብ መገልበጥ ይችላል፤ ለማረም ግን መመዝገብ ግድ ነው። አንድ ገጽ ተጠናቀቀ የሚባለው ሌላ ሰው ከፎቶው ጋር አስተያይቶ ሲያጸድቀው ነው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ገብቶ በስምና በቃል ይፈለጋል።