የጣና ዳር ወይጦዎችና የኛ ኢማን



የኢማንን ስድስት መሠረቶች መድረሳ ያለፈ ልጅ ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል፦ በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጽሐፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር ማመን። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በልብ ያለው እምነት ገበያ ሲወጣ፣ ማዕድ ሲቀርብ፣ ሽማግሌ ሲላክ ምን ይመስላል? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ጣና ዳር፣ የነገደ ወይጦ ታሪክ አለልን።

ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ራሳቸውን «የአባይ ልጆች» ይላሉ። ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ ጠፍቷል፤ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። (በነገራችን ላይ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥባት የሞከረው «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተጫነ ደንገል ነበር። የሠሯት ግን ከቻድ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው።)

ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሙስሊም ነን ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን ለብዙ ትውልድ የሚቀበላቸው ሳያገኙ ነው። ምክንያቱ ጉማሬ ነበር። ወይጦዎች ጉማሬ አድነው ሥጋውን ይበሉ ነበር። ክርስቲያኑ ጎረቤት «ርኩስ» አላቸው። የከተማው ሙስሊም ነጋዴና ሸማኔም ከዚያ የተሻለ ነገር አላደረገም፤ አብሯቸው አልበላም፣ አልተጋባቸውም፣ ሙስሊምነታቸውንም አላመነላቸውም። ከጉማሬው ቆዳ የተሠራውን አለንጋ ግን ገዛ። እነርሱ በጠረቡት ድንጋይም እህሉን አስፈጨ። እጃቸው የነካው ድንጋይ ጓዳ ሲገባ ባለቤቱ ደጅ ቀረ።

ይህን ያደረገው ሙስሊም ራሱ ማን ነበር? እዚህ ላይ ታሪኩ ያማል። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ርስት መያዝ የተከለከለው ሙስሊም በንግድና በሽመና ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ የቦሩ ሜዳው ጉባኤ መጣ፤ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። አባቶቻችን መገለልን በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ኖረውበታል። ከእነርሱ በታች ያለ ሲያገኙ ግን ያንኑ ሸክም አወረዱበት። ይህን የምንጽፈው አባቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም፤ ኢማናቸውን በመከራ ውስጥ ጠብቀው ያስረከቡን እነርሱ ናቸው። ሆኖም የተበደለ ሰው መበደሉ ብቻ ፍትሐዊ እንደማያደርገው ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

«ጉማሬ ሐራም አይደል እንዴ?» የሚል ይኖራል። እኛ እዚህ ፈትዋ አንሰጥም፤ ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። የሚታወቀው ግን የውኃ እንስሳትን ጉዳይ ፉቀሃዎች በአንድ ቃል አለመጨረሳቸው ነው። ሐነፊዮች ከውኃ ዓሣን ብቻ ሲፈቅዱ ማሊኪዮች በሩን በጣም ያሰፉታል፤ ውኃና የብስ ላይ በሚኖረው ደግሞ ክርክሩ ይረዝማል። ሐራም ነው ብንል እንኳ፣ ሐራም መብላት ወንጀል ነው እንጂ ከእስልምና አያስወጣም። አህሉ ሱንና ሰውን በወንጀል ብቻ ካፊር አይሉም። ወለድ የሚበላውን ሀብታም ከሠርጋችን አባርረን እናውቃለን? ለእርሱ የፊቱን ወንበር አናዘጋጅም?

ሁለተኛው ክስ ለአባይ መንፈስ ስለት ያቀርቡ ነበር የሚለው ነው። ይህ በርግጥ ከበድ ያለ የዐቂዳ ጉዳይ ነው፣ ዝም ተብሎም አይታለፍም። ግን ማን አስተማራቸው? ከሰው ጋር ለመቀመጥ እየተጸየፉ «አያውቁም» ብሎ መውቀስ ምን ዓይነት ዳዕዋ ነው?

በሱረቱል ሑጁራት የገጠር ዐረቦች «አምነናል» ሲሉ፣ ኢማን ገና ወደ ልባችሁ አልገባምና «ሰልመናል» በሉ ተብለዋል። አስተውሉ! ኢማን ወደ ልባቸው ገና ያልገባውም ቢሆኑ ከእስልምና በር አልተመለሱም፤ አላህና መልእክተኛውን ከታዘዙ ከሥራቸው ምንም እንደማይጎድልባቸው ነው የተነገራቸው። ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳያፌዝ የሚከለክለው አንቀጽም እዚያው ሱራ ውስጥ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ይገኛል። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በጦርነት መሐል ሸሃዳ ያለን ሰው «ፈርቶ ነው» ብሎ በገደለው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልቡን ከፍተህ አይተሃልን የሚል ብርቱ ተግሣጽ ሰጥተውታል። ኡሳማ ለነቢዩ ከነበረው ቅርበት ጋር ሲታሰብ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን ከስልሳ ወይም ከሰባ የሚበልጡ ቅርንጫፎች እንዳሉት፣ ከፍተኛው የተውሒድ ቃል፣ ዝቅተኛው ደግሞ ከመንገድ ላይ ሰውን የሚያውክ ነገር ማስወገድ እንደሆነ አስተምረዋል። ድንጋይና እሾህ ማንሳት ይቀላል። በሰው መንገድ ላይ የተጋደመ ስድብን ማንሳት ግን ወንድ ይጠይቃል። «ወይጦ» የሚለውን የሕዝብ ስም እንደ ስድብ የሚወረውር ወጣት፣ ጁሙዓ በመጀመሪያው ሰፍ ላይ ሊቆም ይችላል።

ጁለይቢብ (ረ.ዐ) ዘመድ አልባ፣ መልኩም የማያምር ሶሓባ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሚስት ሲጠይቁለት ወላጆቿ አመነቱ። እሺ ያለችው ልጅቷ ናት፤ የአላህን መልእክተኛ ጥያቄ እንዴት ትመልሳላችሁ ብላ ወላጆቿን ሞገተች። ከተማ ውስጥ ላላችሁ እህትና ወንድሞች፣ የናንተ ፈተና እዚህ ጋ ነው።

የጉማሬው አደን ቀርቷል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት ወይጦዎች ከአደን ወደ ግብርና መዞራቸውን ጽፎ ነበር። የደንገል ታንኳውንም የሞተር ጀልባ እየተካው ነው፤ እምቦጭም ሐይቁን እየወረረው ነው። የመገለያው ሰበብ ከጠፋ ቆየ። ሽማግሌ ተልኮ «ልጁ የማን ዘር ነው?» ተብሎ ሲጠየቅና መልሱ ሲሰማ ቤቱን የሚሞላው ዝምታ ግን ዛሬም አለ።