ሕድሞ፦ ዕድሜው በእንጨት የሚወሰን የድንጋይ ቤት

ሕድሞ በትግራይና በኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች የሚገኝ ጥንታዊ የአርሶ አደር መኖሪያ ነው። አራት ማዕዘን ቅርጽ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በአፈር የተደለደለ ጠፍጣፋ ጣሪያ አለው። ከሩቅ ለሚያየው ከተራራው መለየት ያስቸግራል፤ ከዚያው ተራራ በወጣ ድንጋይ የተሠራ ነውና።

ግድግዳው ድንጋዩን በጭቃ እያያያዙ የሚካብ ነው። በውስጡ መቀመጫም መኝታም የሚሆን መደብ አለ። ግቢው በድንጋይ ካብ ይታጠራል፤ ከብቶችም እዚያው ያድራሉ።

ትልቁ ጥበብ ያለው ከላይ ነው። ባላ ባላቸው ምሰሶዎች ላይ ወፋፍራም ግንዶች ይጋደማሉ፤ በእነርሱ ላይ ቀጫጭን እንጨቶች ይረበረባሉ፤ ከዚያም ቅጠልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍና አፈር ይደለደላል። ይህ ጣሪያ የቀኑን ሐሩርም የሌሊቱን ብርድም ይመክታል። ሸክሙ ግን ከባድ ነው። ክረምት ላይ ባፈሰሰ ቁጥር አፈር ይጨመርበታል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ደግሞ ከዓመት ዓመት ይደክማል። እንጨቱ ሲሰበር፣ ግድግዳው ምንም ያህል ቢጠነክር ቤቱ አበቃለት።

ድንጋይንና እንጨትን ማጣመር በአካባቢው ረጅም ታሪክ አለው። የደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ሲሆን፣ የእንጨቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልትም የግንድ ጫፍ የሚመስሉ ቅርጾች ተቀርጸውበታል።

ክብደትን ለእንጨት ማሸከም የሕድሞ ብቻ ጠባይ አይደለም። በእንግሊዝ የኮትስዎልድስ ኮረብታዎች የሚገኙት ጥንታዊ የገበሬ ቤቶችም ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ጣሪያቸው ሳይቀር በስስ የድንጋይ ሰሌዳ ተከድኖ በኦክ እንጨት ላይ ያርፋል። ልዩነቱን ያመጣው ዝናቡ ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ስለሚዘንብ ጣሪያው ቀጥ ያለ ተዳፋት ነው፤ በትግራይ ዝናቡ በአብዛኛው በክረምት ወራት ስለሚወሰን ጠፍጣፋ ጣሪያ ያዛልቃል።

ለሕድሞ የሚመረጡት ጽድና ወይራ ዛሬ በብዛት የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በተረፉ ደኖች ነው። ስለዚህ አርሶ አደሩ ወደ ቆርቆሮ መዞሩን እንደ ባህል መናቅ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይመስላል። ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ቀላል ስለሆነ ብዙ እንጨት አይፈልግም። አንዳንዶች የቆየውን ግድግዳ ሳያፈርሱ ጣሪያውን ብቻ ይለውጣሉ፤ ውሃው እንዲወርድም አንዱን ግድግዳ በድንጋይ ከፍ ያደርጉታል።