የኢንተርኔት ስልክ ጥያቄና መልስ፤ ከአርባ ምንጭ የታየ አጭር ታሪክ

በአገራችን ልማድ እንግዳ ሰው ዝም ብሎ ወደ ሰው ቤት አይገባም። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ደጆች!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ይገባል፤ ድምፅ ካጣም ይመለሳል። በኢንተርኔት መስመር የሚነጋገሩ የስልክ መሣሪያዎችም ይህን የመሰለ ጥያቄ አላቸው፤ ስሙ ኦፕሽንስ ይባላል። ጥያቄው ደወል አያስጮኽም፤ «አለህ ወይ? ምን ዓይነት መልእክት ትቀበላለህ? ድምፅንስ በየትኛው ስልት ታስተላልፋለህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የዚህችን ትንሽ ጥያቄ ታሪክ፣ በአርባ ምንጭም እኛ ተማሪዎች ሰርቨር ስናዘጋጅ የገጠመንን ለመግለጽ የተሰናዳ ነው። አዘጋጁ የታሪክ ተማሪ እንጂ የቴክኒክ ሊቅ ስላልሆነ አንባቢ ይታገሠው።

ጥያቄው ከኮምፒዩተር በፊትም ነበረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ከተዘረጋ ጀምሮ፣ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ እስኪቋቋም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ ጠያቂው ሰው ነበረ። በእጅ በሚሠራው ማዞሪያ ዘመን ስልከኛው የደዋዩን ገመድ ከማገናኘቱ በፊት የሚቀጥለውን ከተማ ስልከኛ ጠርቶ መስመሩ ነጻ መሆኑን ያረጋግጣል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ የመንግሥት ጉዳይ አብሮ ወረደ፤ ከዶርዜና ከጨንቻ ተነሥተው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ደግሞ ቤተ ዘመዳቸውን በደጋው ትተው ነበር። ስልክ ለጋሞ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ይህን መለያየት ማሰብ ይበቃል።

በ1991 ዓ.ም. ሄኒንግ ሹልዝሪንና ሦስት ባልደረቦቹ ሲፕ የተባለውን የኢንተርኔት ስልክ ደንብ አወጡ። በ1994 ዓ.ም. ደንቡ ታርሞ ቁጥር 3261 ተብሎ እንደገና ታተመ። ኦፕሽንስ በሁለቱም ውስጥ አለ። በኋለኛው ደንብ ስለ መልሱ የተጻፈው ቃል እጅግ የሚደነቅ ሆኖ አገኘሁት፤ ተጠያቂው የሚሰጠው ቁጥር እውነተኛ ጥሪ ቢመጣለት ኖሮ ከሚሰጠው ጋር አንድ መሆን አለበት ይላል። ጥሪ ለመቀበል ዝግጁ ከሆነ 200፣ በሌላ ንግግር ከተያዘ 486 ይመልሳል። ከ200 ጋርም የሚቀበላቸውን የመልእክት ዓይነቶች ዘርዝሮ ይልካል። እንግዲህ ደንቡ የሚጠይቀው እውነተኛነትን ነው።

በዚያው በ1994 ዓ.ም. በአገራችን አዋጅ ቁጥር 281 ወጣ። አዋጁ በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅም ሆነ የፋክስ አገልግሎት መስጠትንና መጠቀምን ከለከለ። ዓለም የጥያቄውን ሰዋስው ባጠናቀቀበት ዓመት እኛ ጥሪውን ከለከልን ማለት ነው። የክልከላው ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም፤ የውጭ አገር ጥሪ ገቢ የብቸኛው የመንግሥት ድርጅት ነበረ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ይህን አገልግሎት በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት ወሰነ። ያን ጊዜ ስካይፕን ስለሚጠቀም ተራ ሰው ብዙ ጭንቀት ተነሥቶ ነበር፤ የመንግሥት ቃል አቀባዮችም ዒላማው እርሱ አይደለም ብለው አስረዱ። እኔ ልጅ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ከሚሠራበት ኢንተርኔት ቤት ግድግዳ ላይ «በኢንተርኔት ስልክ መደወል ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እንደ ነበረ፣ በማዕዘን ያለችው ኮምፒዩተር ላይ ግን እናቶች ውጭ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር በሹክሹክታ ይነጋገሩ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። ገበያውን ለግል ኩባንያዎች የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1148 የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ፤ በእነዚያ ዓመታት ይህን ሙያ በግልጽ ተለማምዶ ሊያስተምረን ይችል የነበረ ትውልድ ሳይለማመደው ቀረ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ሙከራ ልመለስ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አስተሪስክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንን፤ የተጠቀምንበት ቻን ሲፕ የተባለውን የቀድሞውን ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከወጣው 21ኛው እትም ጀምሮ ተወግዷል። ኦፕሽንስ ስንልክለት 404፣ ማለትም «አልተገኘም» ብሎ መለሰ። እኛም ተበላሽቷል ብለን ሁለት ቀን ደከምን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥያቄው የሰው ስም ሳይዝ ሲመጣ ፕሮግራሙ «ኤስ» የተባለ ቁጥር በጥሪ መመሪያው ውስጥ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ አልጻፍነውም። ከመካከላችን አንዱ፣ ጠያቂው ማንኛውንም መልስ ካገኘ ሕያው መሆናችንን ስለሚያውቅ 404 ምን ይጎዳል አለ። ስለ ሕያውነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጥሪ የምንቀበል ሆነን ሳለ የለንም ማለት ከ1994ቱ ደንብ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ «ኤስ»ን ጻፍን፤ ከፊቱ ባቆምነው ካማይሊዮ በተባለው ሁለተኛ ፕሮግራም ላይም የሲፕዩቲልስን ክፍል ጭነን፣ የተጠቃሚ ስም ሳይዝ ለሰርቨሩ ለራሱ ለመጣ ጥያቄ በኦፕሽንስ ሪፕላይ ትእዛዝ 200 እንዲመልስ አደረግን። ሠራ።

የጊዜው ነገር ግን አስቸገረን። አስተሪስክ ራሱ በየ60 ሰኮንዱ ስልኮቹን ይጠይቃል፤ መልሱ ከ2 ሰኮንድ ካለፈ ስልኩን «ዘገየ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ጥሪም አይልክለትም። መስመር በሚደክምበት ማታ፣ ባለቤቱ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ስልኩ እንደ ሌለ ይቆጠራል። ልኩን ከፍ አድርገን አስተካከልነው።

የቀረው ክርክር ለማን እንመልስ የሚለው ነው። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ሲፕቪሸስ የተባለ የፍተሻ መሣሪያ ወጣ፤ ሰርቨር የሚፈልገውም ኦፕሽንስ በመላክ ነው። ለደኅንነት ፍተሻ የተሠራ ቢሆንም ሌቦች ይጠቀሙበታል፤ የመለሰላቸውን ሰርቨር የይለፍ ቃል ገምተው ውድ ጥሪ በባለቤቱ ሒሳብ ይደውላሉ። ሰርቨራችንን ለሙከራ ከውጭው መረብ ጋር ባገናኘንበት ሌሊት፣ አድራሻውን ለማንም ሳንናገር፣ ከማናውቀው አገር «ቤቶች!» የሚሉ መጡብን። ጓደኛዬ ለሁሉም ዝም እንበል አለ። እኔ ለግቢው አድራሻዎች እውነተኛውን መልስ፣ ለውጭው ዝምታ ይሁን አልኩ። ለጊዜው በእኔ ዐሳብ ተዘጋጅቷል፤ እርሱ ግን አሁንም በየማታው መዝገቡን ከፍቶ የጠያቂዎቹን ዝርዝር ያሳየኛል።