ከጭስ ማውጫው ወዲያ፦ የመኪና ሙሉ ዕድሜ ሒሳብ ታሪክ

መኪና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መጀመሪያ የተለካው በጭሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኬሚስቱ አሪ ሃገን ስሚት የሎስ አንጀለስን ነዋሪ ዓይን ያቃጥል የነበረው ጭጋግ ከመኪኖችና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ የሚፈጥረው መሆኑን አሳየ። በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ አምራቾች የጭሱን ብክለት እንዲቀንሱ አስገደደ፤ ከ1975 ሞዴል ጀምሮም አብዛኞቹ አዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች የጭሱን ጎጂ ጋዞች የሚለውጥ ካታላይዘር ተገጠመላቸው።

ካታላይዘሩ የከተሞችን አየር በእርግጥ አጽድቷል። ሆኖም እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳው የውስጥ ሸክላው የተለበጠው በፕላቲነምና በፓላዲየም፣ በኋላም በሮድየም ነው። በደቡብ አፍሪካ ከእነዚህ ማዕድናት ጥቂት ግራም ለማግኘት አንድ ቶን ያህል አለት ተቆፍሮ ይፈጫል። በሩሲያዋ ኖሪልስክ ደግሞ የማቅለጫዎቹ የድኝ ጭስ በዙሪያው ያለውን ደን አድርቋል። ጭስ ማውጫው ላይ የሚደገን መለኪያ ይህን ሁሉ አያየውም።

ከጥሬ ዕቃው እስከ አወጋገዱ ያለውን ሁሉ የሚቆጥረው ሰፋ ያለው ሒሳብ የተጀመረው በመኪና ሳይሆን በጠርሙስ ነው። በ1969 ኮካ ኮላ ለመጠጡ ከሚሆኑት መያዣዎች አነስተኛ ጥሬ ዕቃና ኃይል የሚፈልገው፣ ቆሻሻውም የሚያንሰው የቱ እንደሆነ የአሜሪካውን ሚድዌስት የምርምር ተቋም አስጠና። በ1990ዎቹ ዘዴው «የሕይወት ዑደት ግምገማ» ተብሎ ሥርዓት ያዘ፤ በ1997 አይኤስኦ 14040 የተባለው ደረጃ ወጣለት።

ሒሳቡ ወደ መኪና ሲመጣ፣ የቤንዚን መኪና ከሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትልቁ ድርሻ በመንገድ ላይ እንደሚወጣ ታወቀ። ስለዚህ ነዳጅ ለመቆጠብ ክብደት መቀነስ ዋና ፈሊጥ ሆነ፤ ኦዲ በ1994 ቦዲው ከአሉሚኒየም የተሠራውን ኤ8 ለገበያ አቀረበ። አሉሚኒየምን ከማዕድኑ ማውጣት ግን ከብረት ይልቅ እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ጥቅሙ የሚታየው መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር ከተነዳ ወይም አሉሚኒየሙ ከቁርጥራጭ ከቀለጠ ነው፤ ቁርጥራጩን ማቅለጥ ከማዕድኑ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይጠይቃልና።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የእርጅናው ክፍል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2015 ጀምሮ ከአሮጌ መኪና ክብደት 95 በመቶው ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ወይም ኃይል እንዲገኝበት አዘዘ። ነገር ግን ብዙው መኪና ከማፍረሻው አይደርስም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እንደገለጸው፣ ከ2015 እስከ 2018 ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ወደ ውጭ ተልከዋል፤ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው አፍሪካ ናት። ይህን ሁለተኛ ዕድሜ ሳይቆጥር የሚዘጋ ግምገማ ጎዶሎ ነው።

ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። እዚህ አሮጌ መኪና በመለዋወጫ እየተጠገነ ለአሥርተ ዓመታት ይሠራል፤ ጎማው በረባሶ ጫማ ይሆናል፣ ቆርቆሮና ብረቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ኤሌክትሪክ መኪና ሲነዳ የሚያስከትለው ብክለት ትንሽ ነው። የሚቀረው ከባዱ ሒሳብ የባትሪው ነው፤ ማዕድኑ ሲወጣና ሲመረት ሌላ አገር ላይ ያደረሰው ጉዳት፣ ሲያረጅም እዚህ የሚጠይቀው አወጋገድ።