የኮሌጅ በርና የሴቶች ሚዛን

የአንድ ትምህርት ቤት ክብር የሚታወቀው በመግቢያ በሩ ላይ በሚያቆመው ሚዛን ነው። በእንግሊዝ አገር የገርተን ኮሌጅ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል።

ወይዘሪት ኤሚሊ ዴቪስ ይህን ኮሌጅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ሂችን በተባለች ከተማ፥ በኪራይ ቤት ሲከፍቱ የገቡት ተማሪዎች 5 ብቻ ነበሩ። የጽሕፈት ቤታቸው የዕለት ተግባር ደብዳቤ መጻፍ፥ ገንዘብ መለመን፥ የሚያመነቱ ወላጆችን ማስረዳት ነበረ። ተማሪ እንዲህ ብርቅ ሆኖ ሳለ እንኳ አመልካቾቹን አስቀድመው ለንደን ላይ በጽሑፍ አስፈትነዋል።

የሴቶችን ትምህርት ከሚደግፉት ወገኖች አንዳንዶቹ ለሴቶች የተለየ ፈተና ይዘጋጅ ይሉ ነበር። ወይዘሪት ዴቪስ ግን ለሴት ተብሎ የተለየ ሚዛን ውሎ አድሮ የመናቂያ ምክንያት እንደሚሆን ስለ ተረዱ፥ ተማሪዎቻቸው በወንዶቹ ጥያቄ እንዲፈተኑ አጥብቀው ያዙ። በ1873 መጀመሪያ 3 ተማሪዎች መርማሪዎቹ በግል ፈቃዳቸው ተስማምተውላቸው የካምብሪጅን የማዕርግ ፈተና ተፈተኑ፤ ሦስቱም ለማዕርግ የሚያበቃ ውጤት አገኙ። ዩኒቨርሲቲው ግን ዲግሪ አልሰጣቸውም።

ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የፈቀደው በ1948 ነው። ወይዘሪት ዴቪስ በ1921 ስላረፉ ይህን አላዩም። ይሁን እንጂ መብቱ ሲፈቀድ፥ ሴቶቹ ሚዛኑን ካለፉ 75 ዓመት ሆኗቸው ነበርና፥ ችሎታቸውን የሚጠራጠር ሰው የሚያቀርበው ምክንያት አልነበረውም።